ሥራውን ማን ያስጀምረው? ዕቅዱ ወይስ የጎደለው ቦታ?

በዚህ እትም ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። ሁሉም ዞረው ዞረው አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፤ ምን ያህል እናምርት፣ መቼ እንጀምር፣ ይሄ ፑሽና ፑል (መግፋትና መሳብ) የሚባለውስ ነገር ምንድን ነው? ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ፍሬ ነገራቸው ግን አልተነካም።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። የብረት አልጋ፣ የተማሪ ዴስክ፣ በርና መስኮት እንሠራለን። ስድስት ሠራተኞች አሉኝ። ግቢው በጅምር ዕቃ ሞልቷል፣ ሠራተኞቹ ከጠዋት እስከ ማታ አረፍ አይሉም፣ ደንበኛ ግን አልጋ አዝዞ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል። እኔም እጄ ላይ ብር የለም። አንድ ሥልጠና ላይ «የእናንተ አሠራር ፑሽ ነው፣ ወደ ፑል ቀይሩት» ተባልን። ልዩነቱ ግን አልገባኝም። (የብረት ሥራ ቤት ባለቤት፣ ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ልዩነቱ ያለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ሠራተኛው ቀጣዩን ሥራ እንዲጀምር የሚፈቅድለት ማን ነው? በፑሽ ፈቃዱ የሚመጣው ከዕቅድ ነው። ወረቀቱ «ሰኞ የ20 አልጋ ብረት ቁረጥ» ካለ ቆራጩ ይቆርጣል። በያጁ ጋ ያልተነካ የ40 አልጋ ብረት ተከምሮ ይሁን አይሁን አይጠይቅም፣ ቆርጦ ይገፋለታል። በፑል ግን ፈቃዱ የሚመጣው ከሱ ቀጥሎ ከሚሠራው ሰው ነው። በያጁ የአንድ አልጋ ብረት ሲያነሳ ቦታ ይጎድላል፤ ያ የጎደለ ቦታ ነው ለቆራጩ «አሁን የአንድ ቁረጥ» የሚለው። ቦታው ካልጎደለ አይቆርጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤት ይደነግጣል። «ሠራተኛ ደመወዝ እየወሰደ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ግን ግቢዎን አንዴ ዞር ዞር ብለው ይዩት። በጎጃም ከተሞች እንዲህ ያሉ ቤቶች ገብቼ አይቻለሁ። የተቆረጠ ቱቦላሬ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ላዩ ላይ በጠመኔ የተጻፈው ልክ ደብዝዟል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጫፉ ዝጓል። ስለዚህ ቀለም ቀቢው አንቲረስት ከመቀባቱ በፊት ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቀው ነው። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም የማይከፍልበት ሥራ! ከዚያ ክምር ሥር ደግሞ ቀብድ የከፈለ ደንበኛ አልጋ ተቀብሯል፤ እሱን ለማውጣት ሁለት ሰው ግማሽ ቀን ብረት ሲያነሳ ሲጥል ይውላል። ሠራተኞችዎ አረፍ አይሉም ያሉት እውነት ነው፤ ከሥራቸው ግን ምን ያህሉ አልጋ ሆኖ ከበር ይወጣል? እጅዎ ላይ ያጡት ብርም የትም አልሄደም፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ብረት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሳምንት እንምጣ። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ሕግ አለ። የጅምር ሥራውን ብዛት በቀን ለሚጠናቀቀው ብዛት ሲያካፍሉት፣ አንድ ሥራ በአማካይ ስንት ቀን ውስጥ እንደሚቆይ ያገኛሉ። ወፍጮ ቤት ሄዶ ከፊቱ 12 ኩንታል ተሰልፎ ያየ፣ ወፍጮውም በሰዓት 4 ኩንታል እንደሚፈጭ የሚያውቅ ሰው ሦስት ሰዓት እንደሚጠብቅ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። የእርስዎም ያው ነው። ግቢው ውስጥ 54 ጅምር አልጋ ካለና በቀን 3 ካለቀ፣ ዛሬ የታዘዘው አልጋ በአማካይ 18 የሥራ ቀን ይቆያል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ቤት ይሄ ልክ ሦስት ሳምንት ነው። ጅምሩን ወደ 18 ቢያወርዱትና በቀን ያው 3 ቢወጣ ደንበኛው የሚጠብቀው ስድስት ቀን ይሆናል። አዲስ ማሽን አልገዙም፣ ሰው አልጨመሩም።

«ጅምሩን ስቀንስ ምርቱስ አይቀንስም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ከልክ በላይ ከቀነሱት አዎ፣ ይቀንሳል። እስከ ተወሰነ ድረስ ግን አይነካውም፤ ምክንያቱም በቀን ስንት አልጋ እንደሚወጣ የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው የሥራ ክፍል ነው። እንደ እርስዎ ባለ ቤት ብዙ ጊዜ ቀለም ቅቡ ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ ቀለሙ አልደርቅ ሲል። ቆራጩ ቢፈጥን ቀለሙ ፈጥኖ አይደርቅም። ስለዚህ ቆራጩ ሥራ ሲያቆም ሄዶ ቀለም ቀቢውን ያግዝ፣ ብረት ይፈቅፍቅ፣ ያለቀውን ያውጣለት። ሥራ ፈታ ያልነው ሰው ከበፊቱ የበለጠ የሚጠቅመው እዚያ ነው።

እንዴት ይጀመር? ኮምፒውተር አያስፈልግዎትም። የካርቶን ቁራጭ ይበቃል፣ ወይም መሬቱ ላይ በቀለም የተሠመረ አራት ማዕዘን። ካርዱ ከተቆረጠው ብረት ጋር ወደ በያጁ ይሄዳል፤ በያጁ ብረቱን ሲያነሳ ካርዱን ለቆራጩ ይመልሳል። ስሌቱ እንዲህ ነው። በቀን 3 አልጋ ይወጣል እንበል። ካርዱ ወደ ቆራጩ ከተመለሰ ጀምሮ የተቆረጠው ብረት በያጁ ጋ እስኪደርስ 2 ቀን ይፈጃል። 3 ሲባዛ በ2፣ 6 ነው። መብራትም ይጠፋል፣ ሰውም ይታመማል፤ ስለዚህ ሲሶውን ይጨምሩበት፣ 8 ይሆናል። አንዱ ካርድ የ2 አልጋ ብረት ቢይዝ አራት ካርድ ማለት ነው። ካርድ የሌለው ብረት አይቆረጥም። በቃ! ለጥቂት ሳምንት እንዲህ ይሥሩና በያጁ አንድም ቀን ብረት ካላጣ አንዱን ካርድ ያንሱት። ብረት እየጠፋ ከቆመ ደግሞ አንድ ይመልሱ።

አንድ ነገር ግን ቀድመው ይዩልኝ። ቆራጩ የሚከፈለው በቆረጠው ብዛት ከሆነ ይሄ ሁሉ አይሠራም። ካርዱ «አቁም» ሲለው ደመወዙ «ቁረጥ» ይለዋል፤ ማንን እንደሚሰማ ግልጽ ነው። ክፍያውን ተሠርቶ ባለቀው አልጋ ልክ ለሁሉም በጋራ ያድርጉት። ፑል ሞክረው «ለእኛ አይሆንም» ብለው የተዉ ቤቶችን ስጠይቅ ብዙ ጊዜ ችግሩን የማገኘው እዚህ ነው።

በርና መስኮቱ ሌላ ነው፤ በልክ ስለሚሠራ ቀድሞ ቆርጦ ማስቀመጥ አይቻልም። ለእሱ የሚሆነውን ከታች ለባሕር ዳሯ ተማሪ ከሰጠሁት መልስ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የኢንዱስትሪያል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሁሉም «ፑሽ ማለት ገምቶ ለመጋዘን ማምረት ነው፣ ፑል ማለት ትዕዛዝ ሲመጣ ማምረት ነው» ይላል። እኔ ግን ቶዮታ ሰው እስኪያዝ ጠብቆ ነው መኪና የሚሠራው ማለት ከበደኝ። ትክክሉ የቱ ነው? (ተማሪዋ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ጎበዝ! መጠርጠርሽ ልክ ነው። እንደዚያ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው።

ሁለት ቤት ልስጥሽ። አንዱ ሱፐርማርኬት ነው። ከመደርደሪያው ሦስት ሳሙና ሲወጣ ሦስት ይተካል። ማንም ደንበኛ አስቀድሞ አላዘዘም፣ ዕቃው ለመጋዘን ነው፤ አሠራሩ ግን ፑል ነው፣ መደርደሪያው ከሚይዘው በላይ አይገባማ። ሌላው ደግሞ ያለ ትዕዛዝ አንድ ሚስማር የማይመታ የቤት ዕቃ ሠሪ ነው፤ ጨረታ ያሸንፋል፣ ውል በተፈራረመ ቀን ሥራውን ወደ ውስጥ ይለቀዋል፣ ሌላ ጨረታ ያሸንፋል፣ እሱንም ይለቀዋል። ሁሉም በትዕዛዝ ነው፤ ግን ንጹሕ ፑሽ ነው። ውስጥ ያለው ሥራ ስንት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም።

ዋላስ ሆፕና ማርክ ስፒርማን የሚባሉ ምሁራን ነገሩን ጥርት አድርገው አስቀምጠውታል። ፑል ማለት ውስጥ ሊኖር በሚችለው ጅምር ሥራ ላይ አስቀድሞ ጣሪያ የተደረገበት አሠራር ነው። ፑሽ ጣሪያ የለውም። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ካርዱ፣ ባዶ ሣጥኑ፣ የምልክት መብራቱ ጣሪያውን ማስጠበቂያ ነው እንጂ ዋናው ነገር ጣሪያው ነው።

ቶዮታም ቢሆን ይገምታል። ለአቅራቢዎቹ የወራት ግምት ይልካል፣ ሰውና ማሽን የሚያዘጋጀው በግምት ነው። ካርዱ የሚወስነው በዚህ ሰዓት የትኛው ዕቃ ተሠርቶ ይምጣ የሚለውን ብቻ ነው። ግምት ያለበት ሁሉ ፑሽ ነው ካልን በዓለም ላይ ፑል የሚባል ፋብሪካ አይገኝም።

ታሪኩን ብታውቂው ነገሩ ይበልጥ ይገባሻል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1949 እና 1950 ገንዘብ አልቆበት ከመክሰር አፋፍ ደርሶ ነበር። ሠራተኛ ተቀነሰ፣ አድማ ተመታ፣ የመኪና ኩባንያውን የመሠረተው ኪኢቺሮ ቶዮዳም በ1950 ከኃላፊነቱ ለቀቀ። እንደ አሜሪካኖቹ በገፍ አምርቶ መከመር የማይችል፣ ብር የሌለው ፋብሪካ ነበር። ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች አሠራር ሐሳቡን ወስዶ በማሽን ክፍሉ መሞከር የጀመረው በዚያ ዘመን ነው፤ እንዲያውም አሜሪካን በአካል ሄዶ ያየው በ1956 ነው፣ ሙከራውን ከጀመረ በኋላ። ፑል የድሃ ፋብሪካ ልጅ ነው። ለዚህ ነው ፍኖተ ሰላም ላይ ስድስት ሰው የሚቀጥር ቤት «ይሄ የትልልቆች ነው» ሲል የማልቀበለው።

ፑሹንም ግን አትናቂብኝ። ጆሴፍ ኦርሊኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ያዳበረው ኤምአርፒ የሚባለው የዕቃ ፍላጎት ማቀጃ ስሌት በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር፤ ብላክ ኤንድ ዴከር ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ነው። ስሌቱ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሄዳል። ነሐሴ 20 ዴስክ መገጣጠም የሚጀመር ከሆነ 200 ዘንግ ቱቦላሬ ያስፈልጋል፣ መጋዘን 60 አለ፣ ጉድለቱ 140 ነው፣ ከታዘዘ በ10 ቀን ይደርሳል፤ ስለዚህ ነሐሴ 10 ይታዘዝ። ለአንድ ምርት በመቶ የሚቆጠር ዓይነት ዕቃ የሚያስፈልገው ፋብሪካ ይሄን በካርድ ልሥራው ቢል አይዘልቀውም። ለግዢ፣ ለበጀት፣ ለሰው ኃይል ዕቅድ ኤምአርፒ እስከ ዛሬ ተፈላጊ ነው።

ድክመቱ ያለው «10 ቀን» የምትለዋ ላይ ነው። ከውጭ ለሚገዛ ዕቃ እሺ፣ ይሁን። ውስጥ ለሚሠራው ሥራም ግን ያው ቋሚ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ግቢው ሞላም ጎደለም። አሁን ተከተይኝ። ግቢው ሞላና ሥራው በ10 ቀን አልደርስ አለ፣ 15 ፈጀ። ዕቅድ ክፍሉ «እንግዲያው 15 እንበለው» ይልና ትዕዛዞቹን አምስት ቀን ቀድሞ ወደ ውስጥ ይለቃል። ቀድሞ የተለቀቀው ሥራ ግቢውን ይበልጥ ይሞላዋል። ጊዜው 20 ይሆናል። እንደገና ቁጥሩ ይስተካከላል፣ እንደገና ቀድሞ ይለቀቃል… ማንም ሳያጠፋ፣ ሁሉም በቅን ልቦና እየሠራ፣ ፋብሪካው በራሱ ጅምር ይታነቃል። የሊትልን ሕግ በዚህ ላይ አስገቢና በወረቀት ሥሪው፤ ፈተና ላይ ባይመጣ እንኳ ሥራ ዓለም ስትገቢ በመጀመሪያው ወር ታገኚዋለሽ።

ካርድስ ለሁሉ ይሆናል? አይሆንም። ካንባን (የዚህ የካርድ አሠራር የጃፓን ስሙ ነው) ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ ትንሽ ትንሽ ክምችት ይፈልጋል። ዓይነቱ ከበዛ፣ ወይም እንደ ፍኖተ ሰላሙ በርና መስኮት እያንዳንዱ የራሱ ልክ ካለው አይሠራም። ለዚህ ስፒርማን፣ ዉድረፍና ሆፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ኮንዊፕ የሚባል አሠራር አቀረቡ። ካርዱ የዕቃ ስም የለውም። ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለምሳሌ 12 ሥራ ነው ተብሎ 12 ካርድ ይዘጋጃል። አንድ በር አልቆ ከግቢ ሲወጣ ካርዱ ይለቀቅና ከትዕዛዝ መዝገቡ ቀጣዩ ሥራ ይገባል፣ በርም ይሁን መስኮት። ሌላው ትዕዛዝ በወረቀት ይጠብቅ፤ ወረቀት አይዝግም፣ ቦታም አይይዝ። ደንበኛ መጥቶ ልኩን ልቀይር ቢል እንኳ ገና አልተቆረጠምና ይቀየርለታል።

ጥያቄ፦ ቡሬ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ አሽጌ እሸጣለሁ። በርበሬ የሚገኘው በዓመት አንዴ ነው፤ ያኔ ካልገዛሁ ዋጋው ሰማይ ይነካል። «ሲፈለግ ብቻ ሥሩ» የሚለው ምክር ለእኔ እንዴት ይሆናል? ጾም ሲቃረብ ደግሞ ሱቆች በብዛት ያዛሉ፣ ከዚያ ድንገት ዝም ይላሉ። (የባልትና አምራች፣ ቡሬ)

መልስ፦ እህቴ፣ በርበሬውን ግዢው! መኸር ወቅት ላይ ዓመቱን ገምቶ ዛላ መግዛት ፑሽ ነው፣ ፑሽ መሆንም አለበት። ተፈጥሮ በካርድ አትታዘዝም። የጎጃም በርበሬም፣ ጤፉም፣ በቆሎውም፣ ኑጉም ያው ነው፤ በአንድ ወቅት ይገባና ዓመቱን ሙሉ ይበላል። እህል የሚያቀነባብር ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ እግሩ ፑሽ ውስጥ ነው።

ዋናው ጥያቄ ፑሹ የት ላይ ይቁም የሚለው ነው። ያንን ድንበር መምረጥ ነው የአንቺ ሥራ፣ ከማሽን ምርጫም ይበልጣል። የበርበሬሽን መንገድ በዓይነ ኅሊናሽ ተከተይው፤ ዛላው ተገዝቶ ይደርቃል፣ ይቀነጠሳል፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል፣ ይታሸጋል። በደንብ የደረቀ ዛላ እርጥበት በማያገኘው ቦታ ብዙ ወር ይቀመጣል። ከተፈጨ በኋላ ግን ሽታውና ቀለሙ በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል። ደግሞ ዛላ ሆኖ ሳለ ለምንም ይሆናል፤ ሚጥሚጣ ባይሆን እንኳ በርበሬም፣ አዋዜም፣ ሌላም ታደርጊዋለሽ። አንዴ ግማሽ ኪሎ ማሸጊያ ውስጥ ከገባ ግን ሩብ ኪሎ ለሚፈልግ ደንበኛ አይሆንም። ስለዚህ ድንበሩን ዛላው ላይ አቁሚው። እስከዚያ በግምት ግፊው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ድለዛው፣ መፍጨቱ፣ እሽጉ፣ የሚጀመረው የታሸገው መደርደሪያ ላይ ሲጎድል ይሁን። የሽሮውም እህል እንደዚሁ፣ አተሩና ሽምብራው ጥሬ ሆኖ ይጠብቅሽ።

አንድ የምትጨነቂበት ነገር ጥሬው ላይ የታሰረው ብር ነው፣ አውቃለሁ። እሱ በፑል አይፈታም። ግን ብዙ ባልትና ቤቶች ብራቸው ሁለቴ ነው የሚታሰረው፣ ጥሬው ላይም የታሸገው ላይም። ሁለተኛውን ማስፈታት በእጅሽ ነው።

የጾሙ ጉዳይ ሌላ ትምህርት አለው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሽሮ በእርግጥም ይበዛል፣ ይሄ እውነተኛ ፍላጎት ነው። ነገር ግን ሱቆቹ የሚያዙት የሰው ፍላጎት ብቻ አይመስለኝም። «ያልቅብኝ ይሆን» ብሎ ባለ ሱቁ ትንሽ ይጨምራል፣ አከፋፋዩ በሱ ላይ ትንሽ ይጨምራል፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ተራራ ሆኗል። ከዚያ ሁሉም የከመረውን እስኪሸጥ ዝም ይላል፤ አንቺም «ገበያ ሞተ» ብለሽ ሠራተኛ ትቀንሻለሽ። ይህ ነገር በዓለም ላይ የታወቀ ነው፤ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሕፃናት ዳይፐር ላይ አይቶታል። ሕፃናቱ በየቀኑ የሚጠቀሙት ያው ሆኖ ሳለ ትዕዛዙ ከሱቅ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ፋብሪካ በወጣ ቁጥር መዋዠቁ እየከፋ ይሄዳል። መድኃኒቱ ትዕዛዝን ትቶ ሽያጭን ማየት ነው። የምታምኛቸውን ጥቂት ሱቆች ምረጪና በየሳምንቱ ደውለሽ «ስንት አዘዝክ» ሳይሆን «ስንት ሸጥክ፣ ስንት ቀረህ» በያቸው። የምትፈጪው በዚያ ልክ ይሁን።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሥራዬ ነሐሴና ጳጉሜ ላይ ይጨናነቃል፣ ከጥቅምት በኋላ ማሽኖቹ ይቆማሉ። ፑል ብሠራ ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት መጥቶ ያፍነኛል። ምን ትመክረኛለህ? (ልብስ ሰፊ፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ፑል አልመክርዎትም፣ ቢያንስ ለነሐሴ። ፑል ደህና የሚሠራው ፍላጎቱ በቀናትና በሳምንታት መካከል ብዙ በማይራራቅበት ቦታ ነው። ቶዮታም የምርት ቅደም ተከተሉን ለማስተካከልና ለማለዘብ ብዙ የሚደክመው ለዚህ ነው። ገበያው በአንድ ወር ከአቅምዎ አራት እጥፍ ከመጣ ምንም ዓይነት ካርድ አያድንዎትም፤ ቀድሞ መስፋት ግዴታ ነው።

ብቻ ቀድመው ምን እንደሚሰፉ ይምረጡ። ቤኔቶን የተባለው የጣሊያን ልብስ አምራች በአንድ ወቅት የሠራውን ይዩ። ሹራብ ሠሪ ሁሉ ክሩን አስቀድሞ ቀለም ነክሮ ሲሠራ እነሱ ሹራቡን ሳይነከር ሠርተው አስቀመጡ፤ የዘመኑ ተፈላጊ ቀለም ሲታወቅ ነከሩት። እርስዎም ሱሪውንና ቀሚሱን በሚያዝያና በግንቦት በተለመዱት ልኮች ሰፍተው ያስቀምጡ፣ ብዙ ትምህርት ቤት የሚጋራውን ጨርቅ መርጠው። የትምህርት ቤቱን ዓርማ፣ የሱሪውን እግር ማጠፊያ፣ የወገቡን ልክ ግን አይንኩት፤ ደንበኛው ሲመጣ የሚጨረስ ይሁን። ልጁ በክረምት ስንት ጣት እንደሚያድግ እናቱም አታውቀውም። የተረፈው ልብስ ዓርማ ስለሌለው ለሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል።

ከጥቅምት በኋላ ላለው ጊዜ የምርት ዕቅድ ብቻውን መልስ የለውም። ሌላ ሥራ መፈለግ ነው፤ የሆስፒታል ጋዋን፣ የሆቴል አንሶላ፣ የሠራተኛ ቱታ። እነዚህ ዓመቱን ሙሉ ስለሚፈለጉ በካርድ ሊሄዱ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ዳቦ ቤት አለኝ። ክምችት ቀንሱ የሚለው ወሬ ያስፈራኛል። መንገድ ይዘጋል፣ ነዳጅ ይጠፋል፣ ዱቄት ይዘገያል። ቶዮታ እንዲህ ያለ አገር ላይ ቢሠራ ምን ያደርግ ነበር? (ባለ ዳቦ ቤት፣ እንጅባራ)

መልስ፦ ቶዮታም ተቀጥቶበታል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 የፍሬን ዕቃ የሚያቀርብለት የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። ለዚያች ትንሽ ዕቃ ቶዮታ የነበረው ክምችት ከሰዓታት አያልፍም ነበር፤ በጃፓን ያሉት ፋብሪካዎቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሞላ ጎደል ቆሙ። ያዳነው ሌሎች አቅራቢዎች ተረባርበው ዕቃውን በየጓሯቸው መሥራታቸው ነው፣ በሳምንት ገደማ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጃፓኑ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲመታው ደግሞ ትምህርቱን ወሰደ፤ እንደ ኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ያሉ በቀላሉ የማይተኩ ዕቃዎችን አቅራቢዎቹ ለወራት የሚበቃ ክምችት እንዲይዙለት አደረገ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ዓለም በቺፕ እጥረት ሲታመስ ከብዙዎቹ ተወዳዳሪዎቹ የተሻለ ቆየ።

ስለዚህ ፍርሃትዎ ቦታው ላይ ነው፤ ብቻ ሁሉንም አይፍሩ። ዳቦው በፑል ይሂድ፤ መደርደሪያው ሲጎድል ይጋገር፣ የትናንት ዳቦ ማንም አይፈልግምና። ዱቄቱ ግን የሚመጣበትን መንገድ ያህል ይከመር። በቀን 2 ኩንታል ይጋግራሉ እንበል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ዱቄቱ በ5 ቀን ይደርሳል፣ ሲከፋ 12 ቀን ይፈጃል። ሒሳቡን በክፉው ያድርጉት፤ 2 ሲባዛ በ12፣ 24 ኩንታል። ይህም ጣሪያና ወለል ያለው ፑል ነው፣ ወለሉ ከፍ አለ እንጂ። ጆንያዎቹን በአንድ በኩል ደርድረው 24ኛው የሚደርስበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ያስምሩ። ክምሩ ዝቅ ብሎ መስመሩ ሲታይ ዱቄት የሚያወጣው ልጅ እርስዎን ሳይጠብቅ ለነጋዴው ይደውል።